ሄዶ የሚመለሰው ገበሬና የመንደሩ አደራ

(በውጫሌ ከተማ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለዕርዳታ ድርጅቶች ባልደረቦች የተደረገ ንግግር)

ዛሬ የተሰበሰብንባት የውጫሌ ከተማ ስሟ በታሪክ መጻሕፍት የገባው በአንድ ውል ምክንያት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከዚህ ብዙም በማይርቀው በይስማ ንጉሥ፣ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በአንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጹ በሁለት ቋንቋ ሁለት መልክ ይዞ ተገኘ። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ ይችላሉ ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን ያንኑ ግዴታ አደረገባቸው። በመቻልና በመገደድ መካከል ያለው ልዩነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በደም እስኪለይ ድረስ ነገሩ ከረረ።

ይህን ያነሣሁት ሁላችሁም የምታውቁትን ታሪክ ለመድገም አይደለም። በድርቅ፣ በዕርዳታና በሠፈራ ሥራ የተሰማራን ሰዎች በየቀኑ በምንሞላው ቅጽ ላይ የምንጽፈው ቃል ተመሳሳይ አደጋ ስላለበት ነው። አንድ ገበሬ ከቀበሌው ሲወጣ በፈቃዱ ወጣ ወይስ እንዲወጣ ተደረገ? ቀበሌውን ለቀቀ ወይስ ለሥራ ወጣ? በእነዚህ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት የማያውቅ ጸሐፊ ሳያስበው የአንድን ቤተሰብ ዕጣ ሊወስን ይችላል።

እኔ የማስታወቂያ ሠራተኛ ነኝ እንጂ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም። ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ይሁን እንጂ ሥራዬ ከቀበሌ ቀበሌ እየተዘዋወሩ መጠየቅና መጻፍ በመሆኑ፣ ከመጻሕፍት ካገኘሁት ጋር ከገበሬው የሰማሁትን አጣምሬ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

ገበሬው መውጣትን ከእኛ አልተማረም

የአምባሰል ምድር ከቆላው ማሽላ እስከ ደጋው ገብስ ድረስ በአጭር የእግር መንገድ ውስጥ የተለያየ አየር የሚፈራረቅበት ነው። የበልጉ ዝናብ ሲቀር ደጋው ይጎዳል፤ ክረምቱ ቶሎ ሲወጣ ቆላው ይጎዳል። በመሆኑም የዚህ አካባቢ ገበሬ ችግርን የሚቀበልበት የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ምግቡን ይቀንሳል፤ ቀጥሎ ዶሮውን፣ ፍየሉን፣ በጉን ይሸጣል፤ ከዘመድ ይበደራል፤ ከቤተሰቡም ጉልበት ያለውን አንዱን ለሥራ ይልካል። የእርሻ በሬውን የሚሸጠው ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ነው። ቤተሰቡን ይዞ ቤቱን ዘግቶ ከወጣ ግን ያ የመጨረሻው ምልክት ነው። ተመራማሪው ደሳለኝ ራህማቶ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የአምባሰል ገበሬዎች እንዴት ሕይወታቸውን ለማትረፍ እንደ ታገሉ ባጠኑበት ሥራቸው ይህን ጉዳይ በሰፊው አብራርተውታል። ገበሬው ዕርዳታ ጠባቂ ብቻ እንዳልነበረና ከማንም አስቀድሞ ለራሱ የደረሰው ራሱ እንደ ነበረ ከዚያ ሥራ እንረዳለን።

ለሥራ የመውጣቱ ልማድም የቆየ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት የወሎ ገበሬ አዝመራውን ከከተተ በኋላ ወደ አዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻዎች ወርዶ በተንዳሆና በዱብቲ ጥጥ ይለቅም ነበር። ከፊሉ ወደ አሰብ ወደብ፣ ከፊሉ ወደ ሰቲት ሁመራ የሰሊጥ አጨዳ፣ ከፊሉም እስከ ጅማና ከፋ ድረስ ወደ ቡና ለቀማ ይሄድ ነበር። የተንዳሆው የጥጥ እርሻ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1961 ከተቋቋመ በኋላ ይህ ጉዞ ይበልጥ ሰፋ። ሰውዬው በሄደበት በወባ ይታመማል፤ ደመወዙም በደላላና በሻይ ቤት ዕዳ ይሸረሸራል። ቢሆንም ለግብር፣ ለጨው፣ ለልብስና ለበሬ መግዣ የሚሆን ጥቂት ብር ቋጥሮ ለእርሻ ወቅት ለመድረስ ይጣደፋል።

እዚህ ላይ መጠየቅ የሚገባን ጥያቄ አለ። ሰውዬው ርቆ በነበረበት ጊዜ መሬቱን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ማን ጠበቀለት?

ቅሬው የሚጠብቀው ሦስት ነገር

በዚያን ዘመን በመንደሩ ላይ ጭቃ ሹሙ ነበር። ግብር ይሰበስባል፤ የበላይ ትእዛዝ ያደርሳል። ከጭቃ ሹሙ በታች ግን ሕዝቡ ራሱን የሚያስተዳድርበት ሌላ ሥርዓት ነበር፤ ዛሬም አለ። በወሎ ከሁሉም ይልቅ የታወቀው ቅሬ ነው።

ቅሬ በስሙ የቀብር ማኅበር ቢሆንም ሥራው በቀብር አያበቃም። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቅሬ ይተሳሰራል፤ አንዱ ለሌላው መቃብር ይቆፍራል፤ ለቅሶ ቤት ውኃና እንጨት ያደርሳል። ቤቱ ለተቃጠለበት ቤት ይሠራል። ከብት ሲሰረቅ መንደሩ አውጫጭኝ ተቀምጦ ሌባውን ያወጣል። የቀረ ይቀጣል፤ እንቢ ያለ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት የሚያጭርለት፣ ሬሳ የሚያነሣለት የለውምና ከዚህ የበለጠ ቅጣት አይታወቅም። የቅሬ ዳኛው ደመወዝ የለውም፤ ማኅተም የለውም፤ ቃሉ ግን ይከበራል።

ለሥራ የወጣው ገበሬ ለዚህ ማኅበር ሦስት አደራ ትቶ ይሄዳል። የመጀመሪያው መሬቱ ነው። ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ በእኩል ያርስለታል፤ አንድ በሬ ብቻ ያላት ሚስቱ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ትቀናጃለች፤ የአጨዳው ጊዜ ሲደርስ ደቦ ይወጣላታል። ሁለተኛው ቤተሰቡ ነው። ሕፃን ቢታመም ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ጠብ ቢነሣ የሚገላግለው ጎረቤት ነው። ሦስተኛው ስሙ ነው። የቅሬ መዋጮው በሚስቱ እጅ እስከ ተከፈለ ድረስ ሰውዬው የመንደሩ ሰው ነው። ተመልሶ ቢመጣ እንግዳ አይባልም፤ በሄደበት ቢሞትም ለቅሶው በአገሩ ይለቀሳል።

በርስት አገር የነበረው መብትም ለዚህ ይረዳ ነበር። ባለርስቱ በመራቁ ብቻ መብቱ አይጠፋም፤ ከዓመታት በኋላ እንኳ የአባቱን ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። ጭሰኛው ግን ይህ ዋስትና አልነበረውም። ባላባቱ ካልፈቀደ በቀር ሲመለስ የሚያርሰው ላያገኝ ይችል ነበር። ስለዚህ የድሮውን መንደር ሁሉም እኩል የነበረበት አድርገን ማሳመር አይገባንም።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ

ይህ ጉዳይ በወሎ ብቻ የታየ አይደለም። በሩሲያ እስከ እ.ኤ.አ. 1861 ድረስ እጅግ ብዙ ገበሬ በባላባት ሥር የተያዘ፣ ያለ ጌታው ፈቃድ ከመሬቱ የማይንቀሳቀስ ገባር ነበር። ነገር ግን በዚያ የግፍ ሥርዓት ውስጥም የመንደሩ ሰዎች «ሚር» የሚባል ማኅበር ነበራቸው። ይህ ቃል በቋንቋቸው ዓለም ማለትም ነው፤ ለገበሬው መንደሩ ዓለሙ ነበርና። የየቤቱ አባወራዎች ተሰብስበው ሽማግሌ ይመርጣሉ፤ ማሳውን እንደየቤቱ ጉልበት በየጊዜው ያከፋፍላሉ፤ ግብሩንም በጋራ ይከፍላሉ። አንዱ ባይከፍል ዕዳው የሁሉም ነው።

መሬታቸው ደካማ በሆነው በሰሜኑ ክፍል፣ በያሮስላቭልና በኮስትሮማ፣ ወንዶቹ ለአናጺነት፣ ለግንበኝነትና ለንግድ ወደ ሴንት ፒተርስበርግና ወደ ሞስኮ ይወጡ ነበር። ሴቶቹ እርሻውን ይዘው ይቀራሉ። ባላባቱ ከጉልበት ሥራ ይልቅ በገንዘብ የሚከፈል ግብር ስለሚመርጥ ይፈቅዳል፤ የሚወጣው ሰው ግን የይለፍ ወረቀት መያዝ ነበረበት። የድርሻውን ግብር ካልላከ ወረቀቱ አይታደስለትም፤ ወደ መንደሩም ሊመልሱት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1861 ገባርነት በአዋጅ ከተሻረ በኋላም ይህ የጋራ ዋስትና እስከ እ.ኤ.አ. 1903 ድረስ ጸንቶ ቆየ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ማኅበሩ ለወጣው ሰው ቦታውን ይጠብቅለት ስለ ነበር ሰውዬው ከተማ ቢውልም ገበሬ ሆኖ ይኖር ነበር። ሁለተኛው መራራ ነው። ለሠራዊት ምልምል ስጡ ተብሎ ትእዛዝ ሲመጣ ማንን እንደሚልኩ የሚወስኑት የመንደሩ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ብዙ ጊዜም ድኻውን፣ ዘመድ የሌለውንና አፈ ደፋሩን ይልኩ ነበር። የራስ አስተዳደር ማለት ሁልጊዜ ፍትሕ ማለት አይደለም። ከላይ ኮታ ሲጫንበት የራሱን ደካማ ልጅ አሳልፎ ይሰጣል።

ከ1967 እስከ 1977 ዓ.ም.

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ ጭሰኝነትን ሻረ። ገበሬው ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን ክልል በገበሬ ማኅበር እንዲደራጅ ተደረገ፤ በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ ለማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት ሰጠው፤ የፍርድ ሸንጎውንም አጠናከረ። ትናንት በባላባት ደጅ የሚጠና ገበሬ በራሱ ጎረቤት ፊት ቀርቦ ለመዳኘት መብቃቱ ትልቅ ነገር ነበር።

ነገር ግን ለሥራ የሚወጣውን ገበሬ ያሰበለት አልነበረም። አዋጁ ከአቅመ ደካሞች በቀር ሰው ቀጥሮ ማሳረስን ከለከለ፤ ታላላቆቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት ዞሩ። ከአካባቢው ለመውጣት ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት መያዝ ግድ ሆነ። መሬቱም በየጊዜው እየተሸነሸነ የሚታደል ስለ ነበር፣ በድልድሉ ቀን በቦታው ያልተገኘ ሰው ድርሻው ለሌላ እንዳይሰጥበት ይሰጋል። ይህም ስጋት ብዙውን ሰው መንደሩ ውስጥ አስሮ አስቀመጠው። ቀስ በቀስም ማኅበሩ የገበሬው አፍ መሆኑ ቀርቶ የበላይ ትእዛዝ የሚወርድበት መሰላል ሆነ።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለን 1977 ዓ.ም. ደረሰ። ከ1965 እስከ 1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው እልቂት ለዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን መቋቋም ምክንያት ከሆነ ገና አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። መንግሥት በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ መተከልና ጋምቤላ አሠፈረ። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከወሎ የሄደ ነበር። ረሃቡ ያስጨነቀው ብዙ ሰው በፈቃዱ መሄዱ እውነት ነው። በአንጻሩ ለገበሬ ማኅበራት ኮታ መውረዱ፣ ኮታውን ለመሙላትም ሰዎች ከገበያና ከእህል ማከፋፈያ ጭምር መወሰዳቸው እውነት ነው። አንዳንዱ የማኅበር መሪ ቂም ያለበትን፣ ዘመድ የሌለውን ወይም መሬቱ የሚፈለገውን ሰው ስም አስጻፈ። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በተለያየ መኪና ተጭነው ተለያዩ። የሩሲያው ምልምል ታሪክ በእኛም አገር ተደገመ።

ያን ጊዜ ሦስቱም አደራዎች በአንድ ቀን ተበጠሱ። መሬቱ ለሌላ ተደለደለ፤ ቤተሰቡ ተበተነ፤ ስሙም ከቅሬው መዝገብ ወጣ። ይሁን እንጂ ሠፋሪዎቹ በሄዱበት የመጀመሪያው የራሳቸው ሥራ ምን እንደ ነበር ልብ እንበል። በወለጋ ቆላ መንደሮች ውስጥ፣ ከተለያየ አውራጃ የመጣው ሰው ሟቹን የሚቀብርለት ሲያጣ፣ ማንም ሳያዘው እንደገና ቅሬ አቋቋመ። በሠፈራ ጣቢያው ቤቱን፣ ትራክተሩንና የጋራ እርሻውን መንግሥት ሰጠ፤ ጎረቤትነትን ግን የፈጠረው ገበሬው ራሱ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎች በእግርና በመኪና ወደ ወሎ ተመለሱ። የጠበቃቸው ግን ሌላ ሰው የሚያርሰው ማሳ ነበር።

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም ከቀድሞው ስሕተት ትምህርት ወስዶ ነበር። 440 ሺህ አባወራዎችን ወይም 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ በየክልሉ ውስጥ ለማሥፈር ሲታቀድ፣ ሠፈራው በፈቃድ እንዲሆንና ሠፋሪው በቀድሞ ቀበሌው ያለው የመሬት መብት ለሦስት ዓመት እንዲጠበቅለት ተወሰነ። በአማራ ክልል ሠፋሪዎች ወደ መተማ፣ ቋራና መሰል ቆላማ ወረዳዎች ሄዱ። ብዙው አባወራ ቤተሰቡን ትቶ አስቀድሞ ብቻውን መሄዱ አንዳንዶቻችንን አስገርሞን ነበር። ሊያስገርመን ባልተገባ፤ የገበሬው የቆየ ጥበብ ነበርና። አንድ እግሩን አገሩ ላይ ሳይተክል ሌላውን አያነሣም።

በዚሁ ዘመን ወጣቱ ሌላ መንገድ ያዘ። ከደቡብ ወሎ በጂቡቲ አድርጎ ባሕር ተሻግሮ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚጓዘው ቁጥሩ በዛ፤ እኅቶቻችንም ለቤት ሠራተኛነት ሄዱ። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባርረው ተመለሱ። ወደ ተንዳሆ የሚወርደው ገበሬ አብሮት ጎረቤቱ ነበር፤ ወደ ባሕር ማዶ የሚሻገረው ልጅ ግን በደላላ እጅ ነው። ለመንገዱ የተበደረው ገንዘብ በሬውን አሽጦ፣ መሬቱን አስይዞ የተገኘ ነው። አደራው ከመንደሩ እጅ ወጥቶ ማንም ወደማያውቀው ሰው ተላለፈ።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በወለጋ በደረሰው ግጭትና ግድያ ምክንያት ከዚያ የሸሹ በርካታ ሰዎች በሐይቅ አካባቢ በተከፈቱ መጠለያዎች ተጠለሉ። ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. ከዚሁ ከወሎ የተወሰዱት ሠፋሪዎችና ልጆቻቸው ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ በደረሰ ጊዜ የውጫሌና የሐይቅ ሕዝብ ራሱ ከቤቱ ተፈናቅሎ እንደ ነበር አትዘነጉትም። በአንድ መጠለያ ያነጋገርኋቸው አዛውንት ብርድ ልብስ ወይም ዱቄት ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ልጄ፣ እዚህ ብሞት የማን ቅሬ ይቀብረኛል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በተወለዱበት ወረዳ አጠገብ ተቀምጠው ቀባሪ የሚያጡ ሰው በምን ቅጽ ይመዘገባሉ?

የራሴም ጥፋት አለ። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት በደረሰው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ ዕርዳታ በፈለገበት ዓመት፣ በአንድ ቀበሌ በምዝገባ እንድረዳ ተመድቤ ነበር። ባለቤቷ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የወረደባትን አንዲት እናት ስጠይቃት «የለም» ስላለችኝ፣ አባወራው «ቀበሌውን የለቀቀ» ብዬ ጻፍሁ። ቤቱ ከዝርዝሩ ተሠረዘ። በማግሥቱ የቅሬው ዳኛ መጥተው፣ «ልጄ፣ አለቀቀም፤ ለሥራ ነው የወጣ። መዋጮው ባለፈው እሑድ ተከፍሏል» አሉኝ። ስሕተቱ ታረመ፤ ራሽኑ ግን አንድ ወር አለፋት። ከዚያ ወዲህ የውጫሌን ውል ባሰብሁ ቁጥር አንቶኔሊን ብቻ አላስታውስም።

የሥራ ሐሳብ

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ለሥራችን ይረዳሉ የምላቸውን ጥቂት ነጥቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በምዝገባ ጊዜ ለሥራ የወጣ ሰው፣ ቤቱን ዘግቶ የሄደና የሠፈረ ሰው በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይጻፍ። ማረጋገጫውም የቀበሌው ማኅተም ብቻ ሳይሆን የቅሬው ምስክርነት ይሁን።

ሁለተኛ፣ ኮታ አይውረድ። ለሠፈራ፣ ለዕርዳታም ሆነ ለሥራ ስምሪት ይህን ያህል ሰው ላኩ የተባለ መንደር የሚልከው የሚፈልገውን ሳይሆን የማይፈልገውን ነው።

ሦስተኛ፣ የሚሠፍር ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ ይሥፈር፤ አስቀድሞም ከመካከላቸው የተመረጡ ሰዎች ቦታውን አይተው ይመለሱና ለሕዝቡ ይናገሩ። በዚያ የቆየው ነባር ሕዝብም ከመጀመሪያው ይጠየቅ። ነባሩ ሕዝብ ያልተቀበለው ሠፈራ ምን እንደሚያስከትል በመጠለያዎቻችን አይተናል።

አራተኛ፣ የወጣው ሰው የመሬት መብት የሚቆይበት ጊዜ በግልጽ ይነገረው፤ ሚስቱም በስሟ ትመዝገብ። ባሉ በሌለበት እርሻውን የምታቆም እርስዋ ሆና ሳለ መብቱ በባሉ ስም ብቻ ከተጻፈ፣ እርሱ በባሕር የቀረ ዕለት እርስዋም አብራ ትሰምጣለች።

አምስተኛ፣ ቅሬውን እናማክር እንጂ አንውረሰው። የገበሬ ማኅበሩን የጎዳው የመንግሥት መሣሪያ መሆኑ ነው። ቅሬውንም የእህል ማከፋፈያ ቅርንጫፍ ካደረግነው የቀረውን አመኔታ እንጨርስበታለን። በአባወራዎች ጉባኤ ድምፅ የማይሰጣቸውን ሴቶችና መሬት የለሽ ወጣቶችም ለብቻ ቀርበን እንጠይቅ። ሽማግሌ የሚናገረው የመንደሩን እውነት ሁሉ አይደለምና።

የተከበራችሁ የስብሰባው ተካፋዮች፤

ድርቅን በአዋጅ ማስቀረት አይቻልም። ሰው ከቦታ ወደ ቦታ መሄዱንም ማስቀረት አይቻልም፤ አይገባምም። በእጃችን ያለው የሚሄደው ሰው ወዴት እንደሚመለስ እያወቀ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ገበሬው ሲወጣ መሬቱን፣ ቤተሰቡንና ስሙን ለመንደሩ አደራ ይሰጣል። መንደሩ አደራውን እንዲጠብቅ ከረዳነው ጉዞው ኑሮ ይሆናል፤ አደራውን ካስበላነው ግን ጉዞው መፈናቀል ይሆናል፤ ልጆቹም ከአርባ ዓመት በኋላ በመጠለያችን በር ላይ ይጠብቁናል።

እነዚያ አዛውንት የጠየቁኝን ጥያቄ ለእናንተ አስተላልፌ ንግግሬን እፈጽማለሁ። ነገ የአንድን ሰው ስም ከአንድ ዝርዝር ስንሠርዝ፣ የማን ቅሬ እንደሚቀብረው አስቀድመን እንጠይቅ።